ቤት ለቤት የዞረ ፈውስ፤ የጎንደር ጤና ኮሌጅና ልጆቹ

ከጎንደር ከተማ ቍልቍል ተወርዶ ጣና እስኪደረስ ድረስ የተንጣለለው የደምቢያ ሜዳ፥ ጥቍር አፈሩ ጤፉንም ሽምብራውንም ኑጉንም አትረፍርፎ የሚያበቅል በመኾኑ፥ ከነገሥታቱ ዘመን ዠምሮ ለከተማዪቱ ጎተራ ኾኖ የኖረ አገር ነው። ይሁን እንጂ ክረምቱ ወጥቶ አደይ በሚፈነዳበት፥ ውኃውም በየረባዳው ተኝቶ በሚቀርበት ወራት፥ ያው ለም ሜዳ የንዳድ መፍለቂያ ስለሚኾን፥ የደጋው ሰው ወደዚያ ወርዶ ማደርን እጅግ ይፈራው ነበር። ፍርሃቱም ከንቱ ፍርሃት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1953 በዚሁ ሜዳ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው ፈጅቷል፤ በሽታው የሚበረታውም እህሉ በሚደርስበት በመከር ወራት ስለ ኾነ፥ ከሞት የተረፈው ገበሬ እንኳ ማጭድ የሚያነሣበት ጕልበት አጥቶ፥ በበሽታው ላይ ራብ የሚደረብበት መከራ ነበር።

የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እናት የኾነው የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው በዚህ መቅሠፍት ማግስት ነው፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ ልገልጸው የምሻው፥ ጤና ጠባቂ ታማሚውን በወንበሩ ላይ ተቀምጦ በመጠበቅ ፈንታ ወደ ሰዎች ቤት የሚሄድበት ሥራ በአገራችን እንዴት ሥር እንደ ያዘ፥ በእነማንስ ድካም እንደ ጸና ነው።

ድውይን መጠየቅ ለሕዝባችን እንግዳ ምግባር አልነበረም። ስድስቱ ቃላተ ወንጌል እያልን ከልጅነታችን በምንማረው ትምህርት ውስጥ የታመመን መጠየቅ የተራበን ከማብላትና የታረዘን ከማልበስ ጋር አብሮ የተቈጠረ ስለ ኾነ፥ በእስልምናም ዘንድ ሕሙምን መዘየር ከፈጣሪ ዋጋ የሚያሰጥ ሥራ ስለ ኾነ፥ ጎረቤቱ ታሞ ሳይጠይቀው የሰነበተ ሰው በሰውም በእግዚአብሔርም ፊት እንደ በደለኛ ይታይ ነበር፤ ዛሬም ይታያል። ወላድ አራስ ቤት በገባች ጊዜ ገንፎውን የሚያገነፋ፥ አጥሚቱን የሚያፈላ፥ ውኃውን የሚቀዳና ትልልቆቹን ልጆች የሚጠብቅ ጎረቤት ነው፤ አባወራው ታሞ የተኛ እንደ ኾነ እርሻውን በደቦ የሚያርስለት ጎረቤት ነው፤ ሕመሙ የጠናበትን ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ፥ በየመንገዱ ትከሻ እየተቀያየረ፥ ወደ ጠበል ወይም ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው፥ ዕድሜው ያለቀ እንደ ኾነም በእድሩና በቅሬው ሥርዓት ወደ መቃብር የሚሸኘው ያው ጎረቤት ነው።

ነገር ግን ፍቅር ያለ ዕውቀት የት ድረስ እንደሚያደርስ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በመራራ ትምህርት አሳይቶናል። ዓለሙን ሁሉ የዞረው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ በከተማዪቱ ብቻ 10,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል፤ ጠያቂው ከታማሚው አልጋ አጠገብ ሲያጽናና ቈይቶ በሽታውን ይዞ ወደ ልጆቹ ይመለስ ስለ ነበር፥ ያ የከበረ ልማድ ራሱ ለበሽታው መንገድ ኾነው፤ በመጨረሻም ጠያቂም ቀባሪም ጠፍቶ፥ አስከሬን በየቤቱ እስኪቀር፥ በአንድ ጕድጓድም ብዙ ሬሳ እስኪከተት ድረስ ተደረሰ። በከተማዪቱ ከነበሩት ጥቂት ሐኪሞችም በዚያው በሽታ የሞቱ አሉ። የመዲናዪቱ ሕዝብ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፥ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፥ ጥራጊውን ሰብስቦ በየደጃፉ የሚያቃጥልበትና ኅዳር ሲታጠን የምንለው ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። ጢሱ ተሐዋስያንን የሚያጠፋ ባይኾንም፥ እኔ በበኩሌ ይህን ልማድ የሚያቃልሉትን አልደግፍም፤ ሕዝብ በአንድ ቀን በአንድ አሳብ ተነሥቶ፥ ማንም ሳያስገድደው፥ ለጤናው ሲል ደጁን መጥረግ እንደሚችል ያስመሰከረ ልማድ ነውና።

ዕውቀቱ በበኩሉ በሌላ ጐዳና መጣ። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በአዲስ አበባ ከዠመሩት የሕክምና ሥራ ወዲህ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የተጠራው ሆስፒታል፥ ከእርሱም በኋላ የመንግሥትና የሚሲዮን ሆስፒታሎች እየተተከሉ ሄዱ፤ ሁሉም ትልቅ አገልግሎት የሰጡ ናቸው። ኾኖም ሆስፒታል የመጣለትን የሚቀበል እንጂ ያልመጣውን ሄዶ የሚፈልግ ቤት አይደለም፤ ገበሬውም ከሦስትና ከአራት ቀን መንገድ ማዶ፥ ተራራና ወንዝ ከልሎት የሚኖር ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ በቆመበት በ1940 ዓ.ም. ገደማ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች፥ ከእነርሱም አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ሲኾኑ፥ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከብዙ ዓመት በኋላ በ1957 ዓ.ም. ነው። በሌላ በኩል ሕዝቡን የሚፈጁት ደዌያት፥ ወባውም ተቅማጡም ታይፈሱም፥ ከቢምቢው፥ ከሚጠጣው ውኃና ከቅማሉ የሚመጡ በመኾናቸው፥ ሐኪሙ አልጋ ላይ ከሚያገኛቸው በፊት በየቤቱና በየምንጩ ሊከለከሉ የሚችሉ ነበሩ። እንግዲህ አንዱ ወገን፥ ማለት ጎረቤቱ፥ በታማሚው ቤት ውስጥ እያለ ዕውቀት የሌለው፥ ሌላው ወገን ዕውቀት እያለው ከቤቱ የራቀ ኾኖ ብዙ ዘመን ከቈዩ በኋላ፥ ሁለቱ በሥርዓት እንዲገናኙ በመጀመሪያ የታሰበው በጎንደር ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፥ ከዩኒሴፍና ፖይንት ፎር ይባል ከነበረው የአሜሪካ የርዳታ ድርጅት ጋር ተባብሮ፥ ጣሊያን ትቶት በሄደው የጎንደር ሆስፒታል ኮሌጁን ሲያቋቁም፥ አሳቡ ሐኪም ለማፍራት አልነበረም። የታሰበው ለገጠሩ የሚኾኑ ሦስት ዐይነት ሠራተኞችን አንድ ላይ ለማሠልጠን ነው፤ እነርሱም የጤና ጣቢያውን የሚመራውና ሕሙማንን የሚያክመው የጤና መኮንን፥ እናቶችንና ሕፃናትን የምትከታተለው የኅብረተሰብ ነርስ፥ እንዲሁም የውኃውን፥ የመጸዳጃውንና የቤቱን ንጽሕና የሚጠብቀው ሳኒታሪያን ናቸው። አንዱ ጤና ጣቢያ ለ50,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል፥ በዙሪያውም ድሬሰር የሚባለው ረዳት የጤና ሠራተኛ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ክሊኒኮች እንዲኖሩት ተወሰነ። ትምህርቱ በአዳራሽ ውስጥ ብቻ የሚፈጸም አልነበረምና፥ ሦስቱ ዐይነት ተማሪዎች በአንድነት ኾነው በጎንደር ዙሪያ ወዳሉት የማስተማሪያ ጤና ጣቢያዎች ይላኩ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ በዚያ ወባ በፈጀው በደምቢያ ሜዳ፥ በቆላ ድባ የነበረው ነው።

የሥራቸውን ጠባይ ለማስተዋል ከእነርሱ ጋር ወደ አንድ የገበሬ ቤት መግባት ያስፈልጋል። ሳኒታሪያኑ ከሁሉ አስቀድሞ ከጭቃ ሹሙና ከካህኑ ጋር ተነጋግሮ፥ የመንደሩን ቤቶች አንድ በአንድ በመዝገቡ ላይ ያሠፍራል፤ በየቤቱም ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፥ ጥጃውና ፍየሉ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድሩ እንደ ኾነ፥ ጢሱ መውጫ እንዳለው፥ ለመጸዳጃ የተቈፈረ ጕድጓድ መኖሩን ይመለከታል። ሰውና ከብት ተጋፍተው የሚጠጡበትን ምንጭ በድንጋይና በሲሚንቶ አጥሮ፥ ውኃው በቧንቧ ብቻ እንዲወጣ፥ ከብቶቹም ራቅ ብሎ በተሠራላቸው ገንዳ እንዲጠጡ ያደርጋል፤ ድንጋዩን የሚያግዘው፥ አሸዋውን የሚያመጣውና መሬቱን የሚቈፍረው ራሱ የመንደሩ ሰው ነው። ነርሷም በዚያው ቀን ወደ አራሷ ቤት ትገባለች፤ የሕፃኑ እትብት በምን እንደ ተቈረጠና ምን እንደ ተቀባ ታያለች፥ እንገር መጣሉ ቀርቶ ለሕፃኑ እንዲሰጠው አማቲቱን በትሕትና ትለምናለች፤ አማቲቱን ያላሳመነች ነርስ ምራቲቱን ብታስተምር ትርፍ እንደማታገኝ በሥራው የቈዩት ሁሉ ያውቁታልና። ከቤቱ ከመውጣቷም በፊት የቀረበላትን ቡና ትጠጣለች። ቡናው ሳይጠጣ የተነገረ ምክር በዚያ ቤት ውስጥ ብዙ ዕድሜ የለውም።

ይህ ሁሉ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ የተሠራው ግን በብዙ ትዕግሥት ነው። የተቈፈረው መጸዳጃ ሳይገባበት የጥራጊ መጣያ ኾኖ የቀረበት መንደር ብዙ ነበር፤ ግብር ሊጨምር ቤት ይቈጥራል ተብሎ የተጠረጠረ ሳኒታሪያንም አለ። ከተመራቂዎቹ የጤና መኮንኖች ብዙዎቹ ጥቂት ዓመት በገጠር ካገለገሉ በኋላ፥ ገሚሱ ወደ አስተዳደር ሥራ፥ ገሚሱም ሐኪም ለመኾን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ስለ ሄዱ፥ ገጠሩ የለመዳቸውን ሰዎች አጣ። በዚህ እነርሱን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የጤና መኮንን ከሐኪም በታች የኾነ ጎዶሎ ሐኪም እየመሰለው የሚያየው ሹም በበዛበት አገር፥ ሰው ሙያውን አክብሮ ዕድሜውን ሙሉ እንዲቈይ መጠበቅ ይከብዳል። በዚህም ዘመን ሁሉ በክሊኒኩ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ፥ ቍስል እያጠበና መርፌ እየወጋ፥ ሌሊት ሲጠሩት በበቅሎ እየሄደ የኖረው ድሬሰር፥ በታሪክ መጻሕፍት ስሙ ሳይነሣ ማለፉ ያሳዝነኛል፤ በብዙ ወረዳ ሕዝቡ ዶክተር ብሎ የሚጠራው እርሱን ነበር።

የወባው ነገር በደምቢያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1958 በደጋውና በቆላው መካከል ባሉት አገሮች የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል፤ በሚቀጥለውም ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ፥ የዲ.ዲ.ቲ. መርጫ በጀርባቸው ያዘሉ ሠራተኞች እያንዳንዱን ጎጆ ከውስጥ ግድግዳው እስከ ጣራው መርጨት ዠመሩ። የቤቱን ዕቃ ሁሉ ወደ ደጅ አውጥቶ፥ ምጣዱንና እንስራውን ከድኖ፥ ለማያውቁት ሰዎች እልፍኝ መክፈት ለእመቤቲቱ ትልቅ ነገር ነውና፥ ርጭቱ እንዲሳካ ከመድኃኒቱ ይልቅ አስቀድሞ የሄደው የአካባቢው ሰው ቃል ይበልጥ ይረዳ ነበር።

ፈንጣጣን የማጥፋቱ ሥራ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። በአገራችን ዘመቻው በተዠመረበት በ1963 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ታማሚዎች ተመዝግበው ነበር። በዘመቻው ሥር የሚዞሩት ሳኒታሪያኖችና ድሬሰሮች፥ ከእነርሱም ጋር የአሜሪካና የጃፓን በጎ ፈቃደኞች፥ በፈንጣጣ የታመመ ሕፃን ፎቶግራፍ የታተመበትን ካርድ ይዘው፥ በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ እየቆሙ፥ «እንዲህ ያለ በሽታ የያዘው ሰው በሰፈራችሁ አለ ወይ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ አለ የተባለ እንደ ኾነ ተራራውን ወጥተው፥ ገደሉን ወርደው፥ ታማሚውን ከቤቱ ያገኙታል፥ በዙሪያው ያሉትንም ሁሉ ይከትባሉ። መርፌዪቱ ጫፏ ለሁለት የተሰነጠቀ፥ በሁለቱ ጫፎች መካከል አንዲት ጠብታ ክትባት የምትይዝ ናት፤ በክንድ ቆዳ ላይ ዐሥራ አምስት ጊዜ ያህል ፈጥኖ መውጋት ነው እንጂ ሌላ ጥበብ አይጠይቅም። ከባዱ ነገር ክንዱን ማግኘት ነበር። በደጋው አገር ከታማሚው ቍስል መግል ወስደው በጤነኛው ክንድ ላይ የሚያኖሩ የባህል ከታቢዎች ከጥንት ዠምሮ ስለ ነበሩ፥ በአገራችን የነበረው የፈንጣጣ ዐይነትም ብዙ የማይገድል ቀላሉ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ አዲሱን ክትባት የሚሻበት ምክንያት አልታየው ብሎ በአንዳንድ አገር በብርቱ ተቃውሟል። ያም ኾኖ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን ዲሞ በምትባል መንደር የተገኘችው ሕፃን በኢትዮጵያ የመጨረሻዋ የፈንጣጣ ታማሚ ኾነች። ከሰው ልጅ ፈጽሞ የጠፋ ደዌ እስከ ዛሬ ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ በመጥፋቱም ውስጥ በእግራቸው የዞሩ የአገራችን ልጆች ድርሻ አላቸው።

በ1971 ዓ.ም. መባቻ የዓለም መንግሥታት ልዑካን በሶቪየት ኅብረት በአልማ አታ ከተማ ተሰብስበው፥ ጤና ለሕዝብ የሚደርሰው በሆስፒታል ብቻ ሳይኾን ከሕዝቡ መኖሪያ በሚነሣ መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ነው ብለው ዐወጁ። ጎንደር ይህን ከሃያ ዓመት በላይ ስትሠራበት ቈይታለች። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ገደማ ኮሌጁ ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሐኪሞችን ማሠልጠን ሲዠምር የጤና መኮንኖች ትምህርት ተቋረጠ። ሐኪሞቹ ማስፈለጋቸው አያጠራጥርም፤ ዓለም የጎንደርን መንገድ በመረጠበት ሰዓት ጎንደር ያን መንገድ መተዋ ግን ገጠሩን ብዙ ዓመት አጕድሎበታል፤ ትምህርቱ በልዩ ልዩ ከተሞች እንደ ገና የተዠመረው የደርግ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ነው። በደርግ ዘመን ክፍተቱን እንዲሸፍኑ ከየገበሬ ማኅበሩ የተመረጡ የማኅበረሰብ ጤና ወኪሎችና የልምድ አዋላጆች አጭር ሥልጠና ተሰጥቷቸው ነበር፤ ደመወዝ ስለ አልነበራቸውና መድኃኒቱም ስለ ተቋረጠባቸው፥ አብዛኞቹ ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

ከዚያ የሚከተለው ዘመን የኤድስ ዘመን ነው። ቀድሞ ሟችን ለመቅበር ብቻ የቆሙት የከተማ እድሮች፥ በየሳምንቱ ድንኳን መትከል በበዛባቸው ጊዜ፥ አንዳንዶቹ መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ላለው ታማሚና ለወላጅ አልባው ልጅ ገንዘብ መመደብ ዠመሩ፤ ከየሰፈሩ የተነሡ በጎ ፈቃደኛ ሴቶችም፥ ዘመድ እንኳ የሸሸውን ሕሙም ገላውን ያጥቡለት፥ አንሶላውን ይለውጡለት፥ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይሰጡት ነበር። ይህ ከመንግሥት ትእዛዝ ሳይጠበቅ የተሠራ ምግባረ ሠናይ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. በተዠመረ ጊዜ ካለፈው ስሕተት የተማረ መኾኑ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ ሠራተኞቹ ደመወዝ የሚከፈላቸው ኾኑ፥ ሁሉም ለማለት ይቻላል ሴቶች ኾኑ። ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ፥ ከዚያው ከአካባቢያቸው የተመረጡ ልጆች አንድ ዓመት ሠልጥነው፥ 5,000 ያህል ሰው በሚኖርበት በእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሁለት ኾነው በጤና ኬላ ተመደቡ፤ ከሥራ ጊዜያቸውም አብዛኛውን በየቤቱ እየዞሩ፥ በ16 ክፍል የተዘጋጀውን ትምህርት እንዲያስተምሩ ታዘዙ። ቍጥራቸው በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ30,000 በላይ ደረሰ። በመጀመሪያ ሥራቸው መከላከልና ማስተማር ብቻ ስለ ነበር፥ እናት የሚያቃስት ሕፃን ይዛ ስትመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ ከማለት በቀር የሚሰጡት አልነበራቸውም፤ የሳምባ ምችን በኬላው እንዲያክሙ የተፈቀደላቸው በ2002 ዓ.ም. ገደማ ነው፥ ከዚያም ወዲህ ሕዝቡ የሚያያቸው በሌላ ዐይን ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ1990 ከ1,000 ውስጥ 204 የነበሩት በ2012 ወደ 68 መውረዳቸው የብዙ ነገር ውጤት ቢኾንም፥ የእነዚህ ሴቶች እግር በዚያ ውስጥ እንዳለበት የሚጠራጠር ሰው አላገኘሁም።

በእነርሱም ላይ የተጫነው ሸክም ከዓመት ወደ ዓመት ጨምሯል። ከኬላው የሚቀርበው ሪፖርት በዝቷል፤ ብዙው ኬላ ውኃና መብራት የለውም፤ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ አምቡላንሱ ለማድረስ ወጣቶቹን ከየቤታቸው የምትቀሰቅሰው የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፤ የራሷን ልጅ አዝላ የምትዞርም አለች። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የዐሥራ አምስት ዓመት ፍኖተ ካርታ፥ በተመረጡ ጤና ኬላዎች ነርስና ሌሎች ባለሙያዎች ከኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር አብረው እንዲመደቡ ወስኗል። ይህም በጎንደር በ1947 ዓ.ም. የታሰበው የኅብረት ሥራ ወደ ቀበሌ መውረዱ ነው፤ የሚመደቡት ባለሙያዎች ግን እንደ ቀድሞዎቹ የጤና መኮንኖች ጥቂት ሰንብተው እንዳይሄዱ፥ ደመወዛቸው፥ የሚያድሩበት ቤትና የሙያቸው ዕድገት ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል።